ታርፖን ተይዞ የሚለቀቀው በከንቱ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአሜሪካ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ በስፋት ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። መነሻው አጭር ቪዲዮ ነው። በፍሎሪዳ ምዕራብ ዳርቻ አንድ ሰው ታርፖን የተባለ፣ ከራሱ ቁመት የማያንስ ብርማ ዓሣ በዘንግ ይዞ ለረጅም ጊዜ ይታገለዋል፤ በመጨረሻ ጀልባው ጥግ ሲያደርሰው መንጠቆውን ነቅሎ ይለቀዋል። ጸሐፊው ይህን አይተው ተቆጥተዋል። ቁጣቸውን የገለጹበት አማርኛ ያማረ ነው፤ ብዙ አንባቢም «እውነት ብለዋል» እያለ አጋርቶታል። እኔ ግን ጽሑፉ ስለ ዓሣውም፣ ስለ ሕጉም፣ ስለ ባሕሩም የሚነግረን ነገር በአብዛኛው የተሳሳተ ነው እላለሁ። ዝም ብዬ እንዳላልፈው ያደረገኝም ስሕተቱ ዞሮ ዞሮ የሚጎዳው ያንኑ ዓሣ መሆኑ ነው።

በመጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላቅርብ። ታርፖን ማንም የማይበላው፣ ስለዚህም ከመዝናኛነት በቀር ጥቅም የሌለው ዓሣ ነው ይላሉ። በየጊዜው ወደ ውኃው ገጽ ብቅ እያለ አየር የሚጎርሰው ባሕሩ ተበክሎ ስለታፈነ ነው ይላሉ። ተይዞ የተለቀቀ ዓሣ ውሎ አድሮ መሞቱ ስለማይቀር መልቀቅ ማስመሰል ነው ይላሉ። አንዲት እንስት 12 ሚሊዮን ዕንቁላል ስለምትጥል ዘሩ ሊያልቅ አይችልም፤ ፍሎሪዳ መግደልን የከለከለችው የባለጸጎችን ጨዋታ ለመጠበቅ ነው፤ የ50 ዶላሩ ፈቃድም ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው፤ ይልቅስ ድሀ ይብላው ይላሉ። በመጨረሻም ታርፖን ከቴክሳስ ዳርቻ የጠፋው በእነዚሁ የመዝናኛ አጥማጆች እጅ ነው ብለው ይደመድማሉ።

የተነሱበት ስሜት ይገባኛል። በምግብ መጫወት ነውር መሆኑ እየተነገረን ያደግን ሰዎች ነን፤ ለድስት ያልታሰበ ዓሣ በመንጠቆ ሲጎተት ስናይ ግር ቢለን አያስደንቅም። «ዓሣ ሕመም አይሰማውም» በሚለው ክርክርም አልከላከልም። መንጠቆ የያዘው ዓሣ እንደሚጨነቅ፣ ጡንቻው እንደሚዝል፣ በደሙ ውስጥ አሲድ እንደሚከማች በጥናት የታወቀ ነው። ሰው ለመዝናናት ሲል ይህን በእንስሳ ላይ ማድረስ የለበትም የሚል ሰው ቢመጣ አቋሙን አከብራለሁ፤ ክርክሩም ሌላ ይሆናል። ጸሐፊው ያሉት ግን ይህን አይደለም። የእሳቸው መፍትሔ «ወይ ግደሉና ብሉት» የሚል ነው። ለዓሣው አዘንሁ ብሎ ተነስቶ ዓሣውን ወደ መግደል መድረስ እንዴት እንደሚያስኬድ አልገባኝም።

አየር የመጎረሱን ነገር ላስቀድም፤ ጽሑፉ ከሁሉ በላይ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

ታርፖን አየር የሚጎርሰው ስለታፈነ ሳይሆን አፈጣጠሩ እንዲያ ስለሆነ ነው። አብዛኞቹ ዓሦች በሆዳቸው ውስጥ ያለውን የአየር ከረጢት የሚጠቀሙበት ሳይሰምጡና ሳይንሳፈፉ በፈለጉት ጥልቀት ለመቆየት ነው። የታርፖን ከረጢት ግን ከጉሮሮው ጋር የተገናኘ ነው፤ በውስጡም የሳንባን ሥራ የሚሠራ፣ በቀጫጭን የደም ሥሮች የተሞላ ሥጋ በረድፍ በረድፍ ተሰድሯል። ዓሣው የጎረሰው አየር ወደዚያ ይወርድና ኦክስጅኑ ወደ ደም ይገባል። ኦክስጅን በሞላበት ንጹሕ ውኃ ውስጥ እንኳ ቢኖር ይህን አይተውም። ኦክስጅን ሲያንሰው ወይም ብዙ ሲዋኝ ደግሞ አዘውትሮ ያደርገዋል።

በማለዳ፣ ባሕሩ ሳይናወጥ ያየው ሰው ነገሩን አይስተውም። መጀመሪያ ወደ ላይ የተቀለበሰው ሰፊ አፉ ውኃውን ከፍቶ ይወጣል። ቀጥሎ ጀርባው ይታያል፤ ከጀርባ ክንፉ መጨረሻ ረዝማ የወጣችው ቀጭን ጭራ ለአፍታ ተጋድማ ትታያለች፤ የሰው መዳፍ የሚያክሉት ቅርፊቶቹ አንድ ጊዜ ያብረቀርቃሉ። ወዲያው ተገልብጦ ሲጠልቅ አሮጌው አየር በስንጥቡ በኩል አረፋ እየሆነ ይወጣል። በዚህ ውስጥ መጣደፍም መንፈራገጥም የለም። የታፈነ ዓሣ እንዲህ አያደርግም፤ የታፈነ ዓሣ ውኃው ገጽ ላይ ተንጠልጥሎ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ደግሞስ የእኛው አምባዛ ከስንጥቡ በላይ ባለው ልዩ አካል አየር ይተነፍስ የለምን? አምባዛ ብቅ ስላለ ብቻ ሐይቁ ታመመ ያለ የሐዋሳ ወይም የዝዋይ አጥማጅ ሰምቼ አላውቅም።

ጸሐፊው የበሽታ ምልክት ያሉት ይህ ችሎታ የዓሣውን ዘር በሕይወት ያቆየው ነው። ታርፖን የሚራባው ከዳርቻ ርቆ፣ አንዳንዴም እስከ 200 ኪሎ ሜትር ገብቶ፣ በተለይ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ነው። ከዕንቁላሉ የሚወጣው ዕጭ የወደፊቱን ግዙፍ ዓሣ በምንም አይመስልም። ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ጥብጣብ ነው፤ በጥቃቅን አፉ ውስጥ ወደ ፊት ያሾሉ ጥርሶች አሉት፤ ከዚህ አፈጣጠሩም የተነሳ ሥነ ሕይወት አጥኚዎች ታርፖንን ከእባብ መሰሎቹ ኢሎች ጋር በዝምድና ያስቀምጡታል። በማዕበልና በጅረት እየተገፋ ወደ ዳርቻ ሲመጣ ቁመቱ ወደ 3 ሳንቲሜትር ይጠጋል። ከዚያ የሚገርም ነገር ይሆናል፦ ዕጩ ያጥራል። ግማሽ ያህል እስኪሆን ድረስ ተሰብስቦ ቅርጹን ይለውጥና ትንሽ ዓሣ ሆኖ እንደገና ማደግ ይጀምራል።

ይህ ትንሽ ዓሣ የሚያድግበት ቦታ የት ነው? ማንግሮቭ በሚባለው፣ በጨዋማ ውኃ ዳር በሚበቅለው ዛፍ ሥር፣ ውኃው በቆመበት፣ ቅጠል በሚበሰብስበት፣ የድኝ ሽታ በሚሸትበት ጥቁር ኩሬ ውስጥ ነው። በዚያ ውኃ ኦክስጅን አንዳንዴ ከምንም አይቆጠርም። ትልልቆቹ አዳኝ ዓሦች ሊተነፍሱ ስለማይችሉ አይገቡም፤ የታርፖን ጫጩት ግን አየር እየጎረሰ ይኖራል። ወፎች ይለቅሙት ይሆናል እንጂ ከሌላው ጠላት ተጠብቋል። እኛ ስንመለከተው የሞተ የሚመስለን ውኃ የልጅነት ቤቱ ነው። ጸሐፊው «የሚሸተውን ረግረግ ማጽዳት» ብለው የጠቆሙት ሐሳብ በተግባር ቢውል ይህንን ቤት ማፍረስ ይሆናል።

ብክለት የለም ማለቴ አይደለም። በ2018 በደቡብ ምዕራብ ፍሎሪዳ የተነሳው ቀይ ማዕበል፣ መርዛማ ባሕር ወለድ አልጌ፣ እጅግ ብዙ ዓሣ ፈጅቷል፤ ከሞቱት መካከል ታርፖንም ነበረበት። አልጌው በተፈጥሮ ያለ ቢሆንም ከየብስ በጎርፍ የሚወርድ ማዳበሪያና ፍሳሽ ዳርቻ ላይ ሲደርስ ያባብሰዋል። በዚህ ጉዳይ ጸሐፊው ስጋታቸው ትክክል ነው። ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት ነገር ነው የተሳሳተው።

ወደ 12 ሚሊዮኑ ዕንቁላል ልሻገር። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ከአንዲት ትልቅ እንስት የተገመተ ነው። ከዚያ የተወሰደው መደምደሚያ ግን ተገልብጧል። አንድ እንስሳ ይህን ያህል ዕንቁላል የሚጥለው ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለሚሞቱ ነው። ዘሩ ባለበት እንዲቀጥል በአንዲት እንስት ዕድሜ ሙሉ ከተጣለው ሁሉ ሁለት ብቻ ለአቅመ መራባት ቢደርሱ ይበቃል፤ አንድ ቢደርስ ግን ትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል። የዕንቁላል ብዛት ዋስትና ቢሆን ኖሮ በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ዳርቻ የነበረው የኮድ ዓሣ ባላለቀ ነበር። የኮድ እንስትም በሚሊዮን የሚቆጠር ዕንቁላል ትጥላለች። ሆኖም ለመቶዎች ዓመታት ሲጠመድ የኖረው ያ ዓሣ ተመናምኖ በ1992 የካናዳ መንግሥት ማጥመዱን በአዋጅ ዘጋው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ሥራ አጡ።

ታርፖን ደግሞ ከኮድም የባሰ ዝግተኛ ነው። በፍሎሪዳ እንስቷ ለመራባት የምትደርሰው በ10 ዓመቷ ገደማ ነው። ከ50 ዓመት በላይ እንደሚኖር በጆሮው ውስጥ ባለው ድንጋይ መሰል አጥንት ላይ ያሉትን ቀለበቶች በመቁጠር ታውቋል። በቺካጎ ሼድ አኳሪየም የነበረው አንድ ታርፖን በ1935 ገብቶ በ1998 ነው የሞተው። ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረበት ዓመት ወደ ገንዳው የገባ ዓሣ የባድሜ ጦርነት እስከ ተቀሰቀሰበት ዓመት ኖሯል ማለት ነው። ትልልቆቹ፣ አጥማጅ የሚመኛቸው፣ በአብዛኛው እንስቶች ናቸው፤ ብዙ ዕንቁላል የሚጥሉትም እነሱ ናቸው። «ይበላ» የተባለው ሥጋ እንግዲህ ሃያና ሠላሳ ዓመት የኖረች፣ ገና ብዙ ዓመት ልትራባ የምትችል እናት ናት። አንድ ቤተሰብ በጥቂት ቀን በልቶ ይጨርሳታል፤ ምትኳ እስኪደርስ ግን ዛሬ የተወለደ ልጅ ትምህርቱን ይጨርሳል። ጫሞ ሐይቅ ላይ ናይል ፐርች በመረብ ብዛት እንዴት እንደተመናመነ የአርባ ምንጭ ሰው ያውቀዋል። እዚያም ቀድመው ያለቁት ትልልቆቹ ናቸው።

ሕጉን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሹን ብቻ ነግረውናል። ፍሎሪዳ በ1989 ታርፖን ገድሎ መያዝ የፈለገ ሰው 50 ዶላር ከፍሎ መለያ፣ ጸሐፊው ፈቃድ ያሉትን፣ እንዲገዛ አዘዘች። በ2013 ደግሞ ከዚህ አልፋ ሄደች፦ ዓሣው ተይዞ ከመለቀቅ በቀር ለሌላ እንዳይውል ደነገገች። መለያው የቀረው የዓለም ወይም የግዛቲቱን ክብረ ወሰን ለመስበር ለሚሞክር ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በዓመት ለአንድ ሰው አንድ ነው። ርዝመቱ ከ40 ኢንች (አንድ ሜትር ገደማ) የሚበልጥ ታርፖን ያለ መለያ ከውኃ ማውጣት ክልክል ነው። ዓላማው ገንዘብ ቢሆን ኖሮ መለያውን ለፈለገው ሁሉ እንደልብ መቸብቸብ ነበር የሚሻለው፤ ገንዘብ የፈለገ አስተዳደር የሚሸጠውን ዕቃ በገዛ እጁ አያጠብም።

የባለጸጋ ጨዋታ ነው የሚለው ነጥብ ግን ከፊል እውነት አለው። ጀልባ ከነመሪው ለአንድ ቀን መከራየት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል፤ ደሞዝተኛ ሁሉ አይደፍረውም። ይሁን እንጂ ታርፖን በድልድይ ሥርና በዳርቻ አሸዋ አጠገብም ያልፋል፤ የፍሎሪዳ ነዋሪ ከዳርቻ ሆኖ ለማጥመድ የሚያስፈልገውን ፈቃድ በነጻ ያገኛል። ለምግብ የሚያጠምድ ሰውም አልተከለከለም። እንደ ሙሌት ያለ ቶሎ የሚያድግና ቶሎ የሚራባ ዓሣ በቀን በርካታ መያዝ ይፈቀድለታል። ሕጉ ከድሀ አፍ የነጠቀው ምግብ የለም።

«የተለቀቀ ሁሉ ይሞታል» የሚለው ላይ ደርሰናል። እዚህ ላይ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። ጸሐፊው በአንድ በኩል የሚለቀቁት ሁሉ ይሞታሉ ይላሉ፤ በሌላ በኩል ዓሣው ሊያልቅ አይችልም ይላሉ። በፍሎሪዳ ታርፖን በየዓመቱ በብዛት ይያዛል፤ ሁሉም የሚሞት ከሆነ፣ ከላይ እንዳየነው ደግሞ ለመተካት 10 ዓመት የሚፈጅ ከሆነ፣ ዛሬ ቪዲዮ የሚቀረጽለት ዓሣ ከየት መጣ?

መልሱ በጥናት ተገኝቷል። በፍሎሪዳ ምዕራብ ዳርቻ ባሉት በቦካ ግራንዴ መተላለፊያና በታምፓ ባሕር ወሽመጥ የተያዙ ትልልቅ ታርፖኖች ላይ ድምፅ አስተላላፊ ተገጥሞ ከተለቀቁ በኋላ ክትትል ተደርጎባቸዋል። የሞቱት 13 በመቶ ገደማ ናቸው። ከሞቱትም አብዛኞቹን የበላቸው ሻርክ ነው። ቦካ ግራንዴ ጠባብና ጥልቅ መተላለፊያ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ውኃው ወደ ባሕር ሲመለስ ሸርጣን ይዞ ይወጣል፣ ታርፖኑ ሸርጣኑን ብሎ ይሰበሰባል፣ መዶሻ ራስ ሻርክም ታርፖኑን ብሎ ይመጣል። ደክሞት የተለቀቀ ዓሣ በዚያ ቦታ ዕድሉ የጠበበ ነው።

13 በመቶ ቀላል ቁጥር ነው አልልም። ዓሣው ብዙ ጊዜ በሚያዝበት ቦታ ተደምሮ ብዙ ይሆናል። ነገር ግን 13 በመቶና መቶ በመቶ አንድ አይደሉም፤ «ግደሉና ብሉት» የሚለው መፍትሔ ደግሞ በትርጉሙ መቶ በመቶ ነው። ከዚህም ሌላ 13ቱን መቀነስ ይቻላል። ጫፉ ወደ ውስጥ የተጠማዘዘ ክብ መንጠቆ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የአፍ ጠርዝን ስለሆነ ወደ ሆድ አይገባም። ጠንካራ ዘንግና ጠንካራ ክር ትግሉን ያሳጥራል። ሻርክ ከታየ ክሩን ወዲያው ቆርጦ መልቀቅ ዓሣው ጉልበት ሳይጨርስ እንዲያመልጥ ይረዳዋል። ጥሩ ጀልባ መሪ ሲለቅ ዓሣውን ከውኃ አያወጣም፤ የታችኛውን መንጋጋ ይዞ ፊቱን ወደ ጅረቱ ያዞርና ውኃ በስንጥቡ እንዲያልፍ በዝግታ ጀልባውን ያስኬዳል፤ ዓሣው ጭራውን አጠንክሮ ራሱ እስኪገፋ ይጠብቃል።

በዚህ ረገድ ከጸሐፊው ጋር አብሬ የምቆጣባቸው ሰዎች አሉ። ለፎቶ ብለው ስድሳ ኪሎ ዓሣ በመንጋጋው አንጠልጥለው ወደ ጀልባ የሚጎትቱ አሉ፤ ሕጉ ይከለክላል፣ ሰዎቹ ግን ያደርጉታል። ከዚህ የባሰ የምጠላው በቀጭን ክር ትልቅ ዓሣ መያዝን እንደ ጀብዱ መቁጠር ነው። የክር ውፍረት እየተለየ ክብረ ወሰን ስለሚመዘገብ አንዳንዱ በተልካሻ ክር ዓሣውን ለሰዓታት ያሰቃየዋል። ይህ ሙያ አይባልም። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ትግሉን እንዲያ ያራዘመው በዚህ ምክንያት ከሆነ ጸሐፊው ቢወቅሱት አልቃወምም።

በቦካ ግራንዴም ነውር ነበር። ከሥሩ ክብደት የተንጠለጠለበት መንጠቆ በተሰበሰበው ዓሣ መካከል እየተጣለ ሳይበላ በጎኑና በሆዱ ይወጋው ነበር። በ2013 የግዛቲቱ የዓሣና የዱር እንስሳት ኮሚሽን ይህን አጠማመድ አገደ። እንዲታገድ ከጮኹት መካከል ብዙዎቹ እዚያው የሚያጠምዱ ሰዎችና ጀልባ መሪዎች ነበሩ። ጸሐፊው አጥማጅን ሁሉ በአንድ ጅራፍ ሲገርፉ እነዚህንም አብረው ገርፈዋቸዋል።

ማንም አይበላውም የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ስሕተት ነው። አሜሪካኖች አጥንቱ ስለሚበዛ ንቀው ትተውታል እንጂ በሜክሲኮ፣ በማዕከላዊ አሜሪካ፣ በብራዚልና በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ይበላል። የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው 129.98 ኪሎ ግራም ታርፖን በ2003 የተያዘውም በጊኒ ቢሳው ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዓሣውን ለመጥፋት ተጋላጭ ብሎ የመዘገበው ስለሚበላም፣ መኖሪያው ስለሚጠፋም ነው።

የቀረው ቴክሳስ ነው። ፖርት አራንሳስ የምትባለው ከተማ በአንድ ወቅት ስሟ ራሱ ታርፖን ነበር። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1937 እዚያ ሄደው ታርፖን ይዘዋል፤ የፈረሙበት የዓሣው ቅርፊት አሁንም በአሮጌው ሆቴል ግድግዳ ላይ፣ በሺዎች ከሚቆጠሩ ሌሎች ቅርፊቶች ጋር ተለጥፎ ይገኛል። እያንዳንዱ ቅርፊት አንድ ዓሣ ነው። በዚያ ዘመን ዓሣው ለፎቶ ይሰቀል፣ ከዚያ ይጣል ነበር። ጸሐፊው ይህን ማውገዛቸው ልክ ነው፤ አጥማጆቹ ከጥፋቱ ነጻ ናቸው ብዬ አልሟገትም።

ሆኖም በፍሎሪዳም በዚያው ዘመን እንዲያው ነበር፤ ዓሣው በዘንግ መያዝ የጀመረው በ1885 ነውና አጥማጁም ብዙ ነበር። ዘንግ ብቻውን ያን ሁሉ ያጠፋ ቢሆን ፍሎሪዳም አብራ ባዶ በቀረች ነበር። ቴክሳስን የለየው ሌላ ነገር ነው። ወደ ባሕር የሚወርዱት ወንዞች በግድብ ተያዙ፤ ጨዋማው ከጣፋጩ የሚቀላቀልበት፣ የጫጩቱ ማደጊያ የሆነው ዳርቻ ጣፋጭ ውኃ አነሰው። ደግሞም የቴክሳስ ታርፖን የቴክሳስ ብቻ አይደለም። በሳተላይት መለያ የተከታተሉት ተመራማሪዎች በሜክሲኮ ቬራክሩዝ ዳርቻ የነበሩ ዓሦች ሲሞቅ ወደ ቴክሳስና ሉዊዚያና ሲሄዱ አይተዋል። አንዱ አገር የለቀቀውን ሌላው በመረብ ሊያወጣው ይችላል። የፍሎሪዳ ሕግ ያልደረሰበት እዚህ ነው፤ ጸሐፊው ግን ስለዚህ አንድ ቃል አልጻፉም።

ስለ ጫጩቶቹም አልጻፉም። ማንግሮቩ ተመንጥሮ ቤት በተሠራበት የፍሎሪዳ ዳርቻ ትንንሽ ታርፖኖች ዛሬ በጎልፍ ሜዳ ኩሬና ትንኝን ለመከላከል በተቆፈሩ ቦዮች ውስጥ ይገኛሉ። በማዕበል ጊዜ ይገባሉ፤ በመንገድ ሥር ያለፈው የውኃ ቱቦ በደለል ከተደፈነ ግን ሲያድጉ ወደ ባሕር መውጫ ያጣሉ፣ እዚያው አርጅተው ሳይራቡ ይቀራሉ። የጸሐፊው ብዕር ብርቱ ነው፤ አንባቢም አላቸው። እነዚያ ቱቦዎች እንዲከፈቱ፣ የቀረው ማንግሮቭም እንዳይመነጠር አቤቱታ ቢጽፉ ከፈራሚዎቹ አንዱ እኔ ነኝ።